በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ቅርስ፦ የተፈጥሮ ታሪክ ስብስብን በታሪካዊ ቤት ስለማኖር

ባለፉት ጥቂት ዓመታት በአገራችን ለሕዝብ ዝግ ሆነው የቆዩ ታሪካዊ ግቢዎች በራቸውን ከፍተዋል። በ2012 ዓ.ም. የታላቁ ቤተ መንግሥት አንድ ክፍል አንድነት ፓርክ ሆኖ ለጎብኚዎች ክፍት ሆኗል፤ በ1948 ዓ.ም. ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የንግሥና 25ኛ ዓመት መታሰቢያ የተሠራው የኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥትም ከእድሳት በኋላ በ2017 ዓ.ም. ወደ ሙዚየምነት ተሸጋግሯል። ከእነዚህ ቀደም ብሎ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም፣ የራስ ብሩ ሀብተ ገብርኤል መኖሪያ ደግሞ የአዲስ አበባ ሙዚየም በመሆን ሲያገለግሉ ኖረዋል።

እነዚህ ሙዚየሞች በአብዛኛው የሚተርኩት የሰውን ሥራ ነው፦ ዙፋንን፣ አልባሳትን፣ የጦር መሣሪያን፣ የእጅ ጥበብንና የከተማን ታሪክ። የአገሪቱን እንስሳት፣ ዕፅዋት፣ ማዕድናትና ቅሪተ አካላት የሚያስተዋውቅ ሙዚየም ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ታሪካዊ ቤት ያላቸው ከተሞች፣ ትምህርት ቤቶችና ቤተሰቦች «ይህን ቤት አነስተኛ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ብናደርገውስ?» ብለው ቢያስቡ ተገቢ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለዚህ ጥያቄ ምክንያት ያለው መልስ መስጠትና ተገልጋዮች ከመወሰናቸው በፊት ሊያውቁት የሚገባውን ማመልከት ነው።

መልሱ በአጭሩ የሚከተለው ነው። ታሪካዊ ቤት ለተፈጥሮ ታሪክ ማሳያነት ሊያገለግል ይችላል፤ ለሳይንስ ማመሳከሪያነት የሚቀመጥ ስብስብ ዋና ማከማቻ ሊሆን ግን አይገባውም። ይህ ልዩነት ካልተጠበቀ ቤቱም ስብስቡም ለአደጋ ይጋለጣሉ።

የስብስብ ዋጋ የሚለካው በምንድን ነው?

ብዙ ጎብኚ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየምን የሚያውቀው በመስታወት ውስጥ ቆሞ በሚታየው እንስሳ ነው። የሙዚየሙ ዋና ሀብት ግን አብዛኛውን ጊዜ በመሳቢያ ውስጥ ያለው ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአራት ኪሎ ግቢ፣ ማለትም በ1943 ዓ.ም. የአገራችን ዘመናዊ የከፍተኛ ትምህርት በተጀመረበት ሥፍራ፣ የእንስሳት የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ይገኛል። የዚህ ዓይነት ሙዚየም አጥቢዎችን፣ አዕዋፍን፣ ተሳቢዎችንና እንቁራሪቶችን የሚያስቀምጠው ለእይታ ብቻ አይደለም። እያንዳንዱ ናሙና የት፣ መቼና በማን እንደተገኘ የሚገልጽ መለያ ጽሑፍ አለው። ናሙናውን ማስረጃ የሚያደርገው ይህ ጽሑፍ ነው። መለያው የጠፋበት ቆዳ ጌጥ ከመሆን አያልፍም።

የዚህን ትርጉም የሚያስረዳ አንድ ኢትዮጵያዊ ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በ1990 በነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ የተሰማሩ ተመራማሪዎች በመንገድ ላይ ሞታ የፈራረሰች አንዲት ወፍ አገኙ። ወፏ በሌሊት እየበረሩ ነፍሳትን ከሚመገቡ ወገኖች ነበረች። ሊተርፍ የቻለው አንድ ክንፏ ብቻ ነበር። ክንፉ ወደ እንግሊዝ ተወስዶ ከሌሎች ናሙናዎች ጋር ከተመሳከረ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1995 ለሳይንስ አዲስ የሆነ ዝርያ ተብሎ ተመዘገበ፤ የተሰጠው ሳይንሳዊ ስምም «አንድ ክንፍ ብቻ» የሚል ትርጉም ካላቸው የላቲን ቃላት የተውጣጣ ነው። ስለዚች ወፍ የሚነሣ ማንኛውም ጥያቄ፣ ራሷን የቻለች ዝርያ ስለመሆኗ የሚቀርብ ጥርጣሬ ጭምር፣ ማጣቀሻው ያው ክንፍ ነው። ክንፉ ባይጠበቅ ኖሮ ጥያቄውን ማንሣት እንኳ ባልተቻለ ነበር።

በ1830ዎቹ እ.ኤ.አ. ወደ ሰሜን ኢትዮጵያ የመጣው ጀርመናዊው ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፔል ዋልያን፣ ጭላዳ ዝንጀሮንና ቀይ ቀበሮን ለሳይንስ ዓለም ሲያስተዋውቅ ናሙናዎቹ ያረፉት በፍራንክፈርት ከተማ በሚገኘው ሙዚየም ነው። ስለ አገራችን ብርቅዬ እንስሳት የመጀመሪያ ማስረጃ ፍለጋ ባሕር መሻገር የሚያስፈልገውም በዚህ የተነሣ ነው። በአንጻሩ የዕፅዋት ዘርፍ ሌላ መንገድ አሳይቷል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ብሔራዊ የዕፅዋት ናሙና ማዕከል (ኸርባሪየም) ባቆየው ስብስብና ከውጭ ባልደረቦች ጋር በተሠራ የረጅም ዓመታት ጥናት፣ የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት በስምንት ቅጽ ተጠቃልለው እ.ኤ.አ. በ2009 ለፍጻሜ በቅተዋል። የአገር ውስጥ ስብስብ ሲኖር የአገር ውስጥ ዕውቀት ይመረታል።

የቆየ ስብስብ ሰብሳቢዎቹ ላላሰቡት ጥያቄም መልስ ይሰጣል። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የአዳኝ አዕዋፍ ቁጥር ለምን እንዳሽቆለቆለ ሲመረመር፣ በየሙዚየሙ ተቀምጠው የነበሩ አሮጌ የእንቁላል ቅርፊቶች ከአዲሶቹ ጋር ተነጻጸሩ። ዲ.ዲ.ቲ. የተባለው ፀረ ተባይ በሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ ቅርፊቱ እየሳሳ መምጣቱም ታወቀ። እንቁላሎቹን የሰበሰቡት ሰዎች ስለ ፀረ ተባይ መድኃኒት የሚያውቁት ነገር አልነበረም፤ ቀንና ቦታ መዝግበው ማቆየታቸው በቂ ሆኖ ተገኘ።

ታሪካዊ ቤት ለምን ይፈትናል?

ታሪካዊ ቤት ሲሠራ ለመኖሪያ ወይም ለእልፍኝ ነበር። ሰው የሚወድደው ሰፊ መስኮት ለላባና ለጸጉር ጠላት ነው፤ ብርሃን ቀለምን ስለሚያጠፋ ሙዚየሞች በቀላሉ ለሚደበዝዙ ናሙናዎች የሚፈቅዱት 50 ሉክስ ገደማ ብቻ ነው፤ ይህም ከተለመደ የቢሮ መብራት እጅግ ያነሰ ነው። የአየር እርጥበትም ሳይዋዥቅ በመካከለኛ መጠን መቆየት አለበት። በክረምት ጣሪያው የሚያፈስ፣ በበጋ ግድግዳው የሚሰነጠቅ ቤት ይህን ሊያሟላ አይችልም።

ሁለተኛው ፈተና ተባይ ነው። ቆዳ፣ ላባና ደረቅ ነፍሳት የሚበሉ ጥቃቅን ጥንዚዛዎች አሉ፤ ጉዳቱን የሚያደርሱት እጮቻቸው ናቸው። የእንጨት ወለል፣ የግድግዳ ስንጥቅና የጣሪያ ውስጥ ክፍተት ምቹ መራቢያቸው ነው። በእንጨትና በጭቃ ለተሠሩ ቤቶቻችን ደግሞ ምስጥ ተጨማሪ ሥጋት ነው። ስለሆነም ማንኛውም አዲስ የገባ ደረቅ ናሙና ከሌሎቹ ጋር ከመቀላቀሉ በፊት በፕላስቲክ ታሽጎ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ለሦስት ቀናት፣ ወይም በተለመደ የቤት ማቀዝቀዣ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ለሁለት ሳምንት ያህል እንዲቆይ ይደረጋል። ይህ ከፍተኛ ገንዘብ የማይጠይቅ፣ ኬሚካልም የማያስፈልገው ጥበቃ ነው።

ሦስተኛው የሰው ጤና ነው። ቀደም ባሉት ዘመናት እንስሳት ተሞልተው ሲደርቁ ቆዳቸው በአርሴኒክ ይቀባ ነበር። አርሴኒክ መርዝ ነው፤ በዘመን ብዛትም አይጠፋም። በአሮጌ ቤት የተገኘ አሮጌ የተሞላ እንስሳ ያለ ጓንት ሊነካ፣ በሕፃናት እጅ ሊዳሰስ ወይም በመጥረጊያ ሊራገፍ አይገባም።

አራተኛውና ከሁሉ የከፋው እሳት ነው። ዓሣ፣ እንቁራሪትና ተሳቢ እንስሳት አብዛኛውን ጊዜ የሚቀመጡት 70 በመቶ ገደማ በሆነ አልኮል ውስጥ ነው። ይህ ፈሳሽ በክፍል ሙቀት እንኳ ተቀጣጣይ ትነት ይሰጣል። የእንጨት ወለልና የእንጨት ጣሪያ ባለው ታሪካዊ ቤት ውስጥ እንዲህ ያሉ ጠርሙሶችን በመቶዎች መደርደር ምን እንደሚያስከትል ለማሰብ አያዳግትም።

በዚህ ረገድ ዓለም ሊረሳው የማይገባ ምሳሌ በብራዚል ደርሷል። በሪዮ ዴ ጄኔሮ የሚገኘው ብሔራዊ ሙዚየም የቀድሞ የንጉሣውያን ቤተሰብ መኖሪያ በነበረ ቤተ መንግሥት ውስጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2018፣ ሙዚየሙ በተመሠረተ በ200ኛ ዓመቱ፣ በአንድ ሌሊት ተቃጠለ። ወደ 20 ሚሊዮን ይገመት ከነበረው ስብስብ አብዛኛው ጠፋ። የፖሊስ ምርመራ መነሻው የአየር ማቀዝቀዣ መሣሪያ መሆኑን አመልክቷል፤ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሲደርሱም በአቅራቢያው ያሉት የውኃ መቅጃዎች ውኃ አልነበራቸውም። ከፍርስራሹ በከፊል ተለቅመው ከተገኙት መካከል «ሉዚያ» የተባለችው የጥንት ሴት የራስ ቅል ትገኝበታለች። ስሟ የተሰጠው ለእኛዋ ሉሲ (ድንቅነሽ) መታሰቢያ እንዲሆን ነው። ስለዚህ የሪዮ አደጋ ለኢትዮጵያውያን የሩቅ ወሬ አይደለም።

ከአንድ አነስተኛ ሙዚየም የሚገኝ ትምህርት

ከላይ የጠቀስነው የነጭ ሳሯ ወፍ ክንፍ የሚገኘው ከለንደን ሰሜን ምዕራብ ባለችው ትሪንግ በተባለች አነስተኛ ከተማ ነው። በዚያ ያለው ሙዚየም የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1889 ዋልተር ሮትሽልድ ለተባለ የባለጸጋ ልጅ ከአባቱ በተሰጠ ሕንጻ ነው፤ በ1892 ለሕዝብ ተከፈተ። ሕንጻው፣ የእንጨት መደርደሪያዎቹና እስከ ጣሪያ የሚደርሱት የመስታወት ሣጥኖቹ ዛሬም የዘመኑን መልክ እንደያዙ ናቸው። የትሪንግ ታሪክ አራት ነገሮችን ያስተምራል።

የመጀመሪያው የባለቤትነት ነገር ነው። ሮትሽልድ በገንዘብ ችግር ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1932 ወደ 280 ሺህ የሚጠጉ የወፍ ናሙናዎችን ለኒው ዮርክ ሙዚየም ለመሸጥ ተገድዷል። በግለሰብ ፍቅርና ገንዘብ ላይ ብቻ የቆመ ስብስብ ግለሰቡ ሲደክም ይበተናል። ቀሪው ሊተርፍ የቻለው እርሱ ሲሞት እ.ኤ.አ. በ1937 ከነሕንጻው ለብሪታኒያ ሙዚየም በመውረሱ ነው።

ሁለተኛው ማሳያንና ማከማቻን የመለየት ነገር ነው። የብሪታኒያ ብሔራዊ የወፍ ስብስብ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ወደ ትሪንግ ሲዛወር በአሮጌው ማሳያ ውስጥ አልተጨናነቀም፤ በአጠገቡ ለዚሁ ተብሎ አዲስ ሕንጻ ተሠራለት። ጎብኚው ታሪካዊውን ቤት ያያል፤ ተመራማሪው በአዲሱ ሕንጻ ይሠራል። ለአንዱ ፍላጎት ሲባል ሌላው አይፈርስም።

ሦስተኛው የመለያ ጽሑፍ ነገር ነው። አዲስ ሕንጻ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2009 አንድ ተማሪ በሌሊት መስኮት ሰብሮ ገብቶ 299 የወፍ ቆዳዎችን ሰረቀ፤ ላባቸው የዓሣ ማጥመጃ ማስጌጫ ለሚሠሩ ሰዎች የሚሸጥ ነበር። ስርቆቱ የታወቀው ከሳምንታት በኋላ ነው። ተማሪው ከተያዘ በኋላ ከቆዳዎቹ ከፊሉ ቢመለሱም፣ ብዙዎቹ መለያቸው ተቆርጦ ስለነበር ወፉ ተገኝቶ ዕውቀቱ ጠፍቷል።

አራተኛው ቅጂን የመጠቀም ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ሌቦች የአውራሪስ ቀንድ ፍለጋ ወደዚያው ሙዚየም ገብተው ነበር። ሙዚየሙ እውነተኛዎቹን ቀንዶች አስቀድሞ በቅጂ ተክቷቸው ስለነበር ሌቦቹ ይዘው የሄዱት ዋጋ የሌለው ነገር ነው። የእኛም ብሔራዊ ሙዚየም ለጎብኚዎች የሚያሳየው የሉሲን ቅጂ ሲሆን፣ የ3.2 ሚሊዮን ዓመቱ እውነተኛ ቅሪተ አካል ጥበቃ ባለው ቦታ ይቀመጣል። ቅጂን ማሳየት ጎብኚን ማታለል ሳይሆን ቅርሱን ለሚመጣው ትውልድ ማቆየት ነው፤ ቅጂ መሆኑ በግልጽ እስከተጻፈ ድረስ።

ለእኛ ታሪካዊ ቤቶች የሚስማማው

በድንጋይ መሠረት ላይ በእንጨትና በጭቃ የቆሙ፣ ሰፊ በረንዳና የቆርቆሮ ጣሪያ ያላቸው የአዲስ አበባ አሮጌ ቤቶች ከተሜነት በአገራችን እንዴት እንደተጀመረ የሚመሰክሩ ናቸው። በእነዚህ ውስጥ ከባድ የብረት መደርደሪያ መትከል፣ ግድግዳ ቀድዶ የአየር ማቀዝቀዣ ማስገባት ወይም መስኮትን በሲሚንቶ መዝጋት ቤቱን ለስብስቡ መሥዋዕት ማድረግ ነው። በሌላ በኩል ብርቅዬ ናሙናን በሚያፈስ ጣሪያ ሥር ማኖር ስብስቡን ለቤቱ መሥዋዕት ማድረግ ነው። ሁለቱም አይገቡም።

መካከለኛው መንገድ ግልጽ ነው። በታሪካዊው ቤት ውስጥ ቅጂዎችን፣ ፎቶግራፎችን፣ ካርታዎችን፣ ድንጋዮችን፣ የአካባቢውን ዕፅዋትና በየጊዜው የሚቀያየሩ ጥቂት ናሙናዎችን ማሳየት ይቻላል። በአልኮል የተቀመጡና ለምርምር የሚያገለግሉ ናሙናዎች ዩኒቨርሲቲን በመሰለ ተቋም፣ ለዚህ በተዘጋጀ ክፍል ይቆዩ። የከተማው ትንሽ ሙዚየም ናሙና በውሰት ይቀበል፤ ተቋሙም በሙዚየሙ በኩል ከሕዝብ ጋር ይገናኝ። ይህ አሠራር ወጪን ይቀንሳል፤ የናሙናውንም ዕድሜ ያራዝማል።

በጀት ሲያዝም ቅደም ተከተሉ መጠበቅ አለበት። መጀመሪያ ጣሪያና የውኃ መውረጃ፣ ቀጥሎ የኤሌክትሪክ መስመር ፍተሻና የእሳት መከላከያ፣ ከዚያ መዝገብና የመዝገቡ ቅጂ፣ በመጨረሻ የመስታወት ሣጥን። ብዙ ጊዜ የሚታየው ከመጨረሻው መጀመር ነው፤ የምረቃ ቀን የሚታየው የመስታወት ሣጥኑ ስለሆነ።

ተገልጋዮች ማወቅ የሚገባቸው

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ የሚለውን ቃል ሲተረጉም የተፈጥሮን የዕድገት ሂደት የሚገልጹና የሚመሰክሩትንም ያካትታል። ስለዚህ የሚከተሉት ነጥቦች እያንዳንዱን ዜጋ ይመለከታሉ።

ታሪካዊ ቤት ያላችሁ ወይም የምታስተዳድሩ፦ በቅርስነት በተመዘገበ ቤት ላይ የጥገና፣ የእድሳት ወይም የአገልግሎት ለውጥ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ከቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ጠይቁ። ቤቱ መመዝገቡን የማታውቁ ከሆነ በክልላችሁ ወይም በከተማችሁ ባህልና ቱሪዝም ቢሮ አጣሩ። ከአናጢና ከግንበኛ ጋር ውል የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው።

በእርሻ፣ በግንባታ፣ በመንገድ ሥራ ወይም በማዕድን ፍለጋ ጊዜ ቅሪተ አካል የሚመስል ነገር ያገኛችሁ፦ ሥራውን አቁሙ፤ ከቦታው አታንቀሳቅሱት፤ አትጠቡት፤ ለሚመለከተው አካል ወዲያውኑ አሳውቁ። አጥንቱ የተገኘበት የአፈር ንብርብር ዕድሜውን የሚናገር ስለሆነ፣ ከቦታው የተነሣ ቅሪተ አካል ከምስክርነቱ ግማሹን ያጣል። አዋጁም አግኚው ለባለሥልጣኑ እንዲያስታውቅና እስኪረከበው ድረስ እንዲጠብቀው ያዛል።

ከወላጅ ወይም ከአያት የተረፈ የዱር እንስሳ ቆዳ፣ ቀንድ ወይም የዝሆን ጥርስ በቤታችሁ ያለ፦ ሳትሸጡት፣ ወደ ውጭ አገርም ሳትልኩት የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንን አማክሩ። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 541 የዱር እንስሳት ውጤቶችን በፈቃድ ሥር ያደርጋል፤ አገራችንም ለአደጋ የተጋለጡ ዝርያዎችን ንግድ የሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት (ሳይቲስ) አባል ናት። ለሙዚየም መስጠት ከፈለጋችሁም ዕቃው የት፣ መቼና በማን እንደተገኘ የምታስታውሱትን ሁሉ ጽፋችሁ አያይዙ። ያ ወረቀት ከዕቃው ያላነሰ ስጦታ ነው።

ከአገር ውጭ የምትኖሩ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን፦ ለመታሰቢያ ብላችሁ ቅሪተ አካል ወይም ጥንታዊ የድንጋይ መሣሪያ ይዛችሁ አትውጡ። ያለ ፈቃድ ቅርስ ማውጣት በሕግ ያስጠይቃል። በምትኖሩበት አገር ሙዚየም ውስጥ ከኢትዮጵያ የተወሰዱ ናሙናዎች ካሉ ግን የመለያ ጽሑፋቸውንና ፎቶግራፋቸውን መጠየቅ፣ ለአገር ውስጥ ተቋማትም ማሳወቅ ትችላላችሁ።

መምህራንና ወላጆች፦ ትንሽ ሙዚየም ለመጎብኘት ስትሄዱ ልጆች የእንስሳውን ስም ብቻ ሳይሆን መለያ ጽሑፉን እንዲያነቡ አድርጉ። «ይህ ከየት መጣ? መቼ? ዛሬስ በዚያ ቦታ ይገኛል?» ብለው እንዲጠይቁ ማለማመድ የሳይንስ ትምህርት መጀመሪያ ነው።

ታሪካዊ ቤት ሲታደስ መንገደኛ ሁሉ ያየዋል፤ በመሳቢያ ውስጥ ያለ ናሙና በብል ሲበላ ግን የሚያየው የለም። ስለሆነም አዲስ ሙዚየም ለመክፈት የሚታሰብ ማንኛውም አካል ከሕንጻው ውበትና ከጎብኚው ብዛት አስቀድሞ ሊመልሰው የሚገባ ጥያቄ አለ፦ ከምረቃው በኋላ በሚመጣው ክረምት፣ ጣሪያው ሲያፈስ መሳቢያውን የሚከፍት፣ መዝገቡንም የሚያመሳክር ሠራተኛ ማን ነው? ለዚህ ጥያቄ ስምና በጀት ያለው መልስ ሲገኝ ቤቱም ስብስቡም በአንድ ጣሪያ ሥር ሊኖሩ ይችላሉ። መልሱ እስኪገኝ ድረስ ስብስቡን በነበረበት ተቋም ማቆየት፣ ቤቱንም እንዳይፈርስ መጠገን ለሁለቱም ቅርሶች የሚበጅ ውሳኔ ነው።